ብየዳ ከጀልባው ላይ የሚወስደው

የአሉሚኒየም ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ያለው ሰው ይዋል ይደር እንጂ ጀልባውን በራሱ ልክ መቀየር መፈለጉ አይቀርም። ፋብሪካው ለማንም እንዲስማማ አድርጎ ስለሚሠራው፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ቆሞ ለሚያጠምድ ሰው እንቅፋት ይሆናሉ፤ ባትሪው መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ የማጥመጃ ዘንጎቹም ረጅም ስለሆኑ የሚጋደሙበት ቦታ አያገኙም። ላሜራው ደግሞ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይበየዳል። ሰው የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው፤ ማድረግ የሚቻለው ሁሉ መደረግ ያለበት ይመስለዋል።

እኔ አምስት ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ቀፎው፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚያርፈው ገላው፣ በብየዳ የተሠራ አሮጌ ጀልባ ገዝቼ ፊቱ ላይ ከፍ ያለ መድረክ፣ በጎኑ የዘንግ ማስቀመጫ፣ በመሐሉ ደግሞ ዓሣ በሕይወት የሚቆይበት የውሃ ሳጥን እንዲኖረው አድርጌ ቀይሬዋለሁ። ከሥራው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝ የማይበየድበትን ቦታ መለየቱ ነበር። ብየዳ ሁለት ነገር ሲያያይዝ ከአጠገቡ ካለው ላሜራ ላይ ብርታት ይወስዳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የብየዳ መስመር የሚከፈልለት ዋጋ አለው፣ ዋጋው ግን በዓይን አይታይም።

አሉሚኒየም በገፍ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1886 አሜሪካዊው ቻርልስ ማርቲን ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት የማምረቻ ዘዴ ላይ ከደረሱ በኋላ ነው። መበየዱ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። ዛሬ ቲግ የምንለው ብየዳ መልክ የያዘው በ1941 የኖርዝሮፕ አውሮፕላን ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ራስል ሜሬዲዝ በተንግስተን ዘንግና በሄሊየም ጋዝ ማግኒዚየም መበየድ ሲችል ነው፤ ሽቦው በራሱ እየወጣ የሚበየድበት ሚግ ደግሞ በ1948 ተከተለ። ግሩማን የተባለው አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የአሉሚኒየም ታንኳ ማምረት ሲጀምር ክፍሎቹን ያያያዘው ልክ እንደ አውሮፕላኖቹ በሪቬት፣ ማለትም በቀዳዳ አልፎ ጫፉ በሚደፈጠጥ ችንካር፣ ነበር። ያ አሠራር አልጠፋም፤ ቀላል የሆኑት ጀልባዎች ብዙዎቹ ዛሬም በሪቬት ይያያዛሉ፣ ላሜራቸውም አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቀፎ ላይ መበየድ እኔ አልመክርም። ሙቀቱ በሪቬቶቹ ሥር ያለውን ማሸጊያ ያቃጥለዋል፣ ላሜራው ሲሳብ ሪቬቶቹ ይላላሉ፣ አንዱን ቀዳዳ ለመድፈን የተጀመረው ሥራም በዙሪያው ሌላ ማፍሰሻ ይከፍታል። በሪቬት የተሠራ ጀልባ በሪቬትና በቡሎን ቢቀየር ይሻላል።

ተራ ብረት መበየድ የለመደ ሰው አሉሚኒየም ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ላዩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ አየር ሲነካው ላዩ ላይ የሚሠራው ኦክሳይድ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልጋለ አይቀልጥም። ውስጡ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ሽፋኑ እንደ ከረጢት ይይዘዋል። በቲግ ስንበይድ ተለዋዋጩን ኤሲ ኤሌክትሪክ የምንጠቀመውም ለዚህ ነው፤ የዙሩ አንዱ ግማሽ ኦክሳይዱን ከላዩ ላይ ሲያስወግድ ሌላው ግማሽ ላሜራውን ያግላል። ብረት ሊቀልጥ ሲል ቀልቶ ያስጠነቅቃል፤ አሉሚኒየም ግን ቀለሙን ሳይቀይር ቆይቶ በድንገት ይፈሳል። ከጭንብሉ ጀርባ ሆኖ ለሚያይ ሰው የሚታየው ምልክት አንድ ብቻ ነው፤ ደብዘዝ ያለው ገጽ በአንድ ቅጽበት ጠርቶ መስተዋት የመሰለ ትንሽ ክብ ኩሬ ይሆናል፣ ቀልጦ መጋጠሚያውን የሚሞላው የመሙያው ዘንግ መግባት ያለበትም ያን ጊዜ ነው። ትንሽ የዘገየ እጅ ኩሬውን ወደ ታች ሲወድቅና በቦታው ቀዳዳ ሲቀር ያየዋል።

አሉሚኒየም ሙቀት የሚያስተላልፈው ከተራ ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። ስለዚህ የመስመሩ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ሆኖ ብየዳው ላዩ ላይ ብቻ ተለጥፎ ሊቀር ይችላል፤ መጨረሻው ደግሞ ከመጠን በላይ ግሎ ይቦተረፋል። ሲግል የሚለጠጠውም የብረትን እጥፍ ያህል ነው፤ አንድ ሜትር የሚረዝም ላሜራ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ከሁለት ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። ዳር ዳሩ በብየዳ ተይዞ መሐሉ የሚለጠጥበት ያጣ ላሜራ ሆዱን ይነፋል። ይህን የሚከላከለው ሥርዓት ነው፤ በመጀመሪያ ሁሉንም ቦታ በትንንሽ ነጠብጣብ ብየዳ መያዝ፣ ከዚያ አጫጭር መስመሮችን አንዱን ከወዲህ ሌላውን ከወዲያ፣ ላሜራው እንዲበርድ ጊዜ እየሰጡ መበየድ። ውሃ መያዝ የማይጠበቅበትን መጋጠሚያ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር መበየድ ለዓይን ደስ ከማሰኘት በቀር ጥቅም የለውም።

ጀልባ የሚቀይር ሰው ከዚህ ሁሉ በላይ ማወቅ ያለበት ሙቀቱ ከመስመሩ አልፎ የሚያደርሰውን ነው። ለጀልባ ሥራ የሚገዙት ቱቦላሬዎችና አንጎላሬዎች ብዙውን ጊዜ 6061-ቲ6 ከሚባለው ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ቲ6 የሚለው ምልክት ቅይጡ ከፍ ባለ ሙቀት ግሎ በፍጥነት ከቀዘቀዘ በኋላ፣ እንደገና በመጠነኛ ሙቀት ቆይቶ መጠንከሩን ይነግረናል። እንዲህ በእሳት የተገኘ ጥንካሬ በእሳት ይጠፋል። ያልተበየደው 6061-ቲ6 የሚበጠሰው በ310 ሜጋፓስካል (በስፋት ላይ የሚያርፍ ጫና መለኪያ) ገደማ ሲሆን፣ ለተበየደው መጋጠሚያ በንድፍ ስሌት የሚያዝለት 165 ሜጋፓስካል ያህል ብቻ ነው። የተዳከመው ክፍልም ከመስመሩ ግራና ቀኝ 25 ሚሊሜትር ያህል እንደሚሰፋ ተደርጎ ይታሰባል። ላሜራው ግን እንደ ቀድሞው ያብረቀርቃል፤ በጣት ቢነካም አይለይም።

የቀፎ ላሜራዎቹ 5052፣ 5083 እና 5086 ከዚህ ይለያሉ። ጥንካሬያቸው የሚመጣው ከተቀላቀለባቸው ማግኒዚየምና በፋብሪካ ሲዳመጡ ካገኙት ጥንካሬ ነው። ብየዳው የዳመጣውን ድርሻ ይወስድባቸዋል፣ የማግኒዚየሙን ግን አይነካም፤ በዚህ ምክንያት 5083 ከተበየደ በኋላም 275 ሜጋፓስካል ገደማ ይቀርለታል። መታጠፍ ላለበት ክፍል ደግሞ 5052ን የሚያህል የለም፤ 6061-ቲ6 በጠባብ ማዕዘን ሲታጠፍ ከውጭ በኩል ይሰነጠቃል። የመሙያውም ዘንግ ከላሜራው ጋር መስማማት አለበት። አምስት በመቶ ያህል ማግኒዚየም ያለው 5356 ለአብዛኛው የጀልባ ሥራ ይሆናል፤ ሲሊከን ያለው 4043 ግን ሲበየድ ልስልስ ብሎ ስለሚፈስ ብዙ ሰው ቢወደውም፣ ማግኒዚየም በበዛበት እንደ 5083 ባለ ላሜራ ላይ የተሰባሪነት ጠባይ ያለው መጋጠሚያ ይፈጥራል። ሲያዩት ያምራል፣ ግን አያምኑትም።

የፊቱን መድረክ ያቀድሁት እነዚህን ቁጥሮች ከፊቴ አስቀምጬ ነው። ወለሉ ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 5052 ሲሆን ክብደቱ በካሬ ሜትር ስምንት ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ በዚያው ውፍረት የብረት ላሜራ ቢሆን ከ23 ኪሎ ይበልጥ ነበር፣ 18 ሚሊሜትር ፕላይውድ ቢሆንም ውሃ ሳይጠጣ እንኳ ከአሉሚኒየሙ የሚቀል አይደለም። ነገር ግን አሉሚኒየም ለመጉበጥ ያለው እምቢታ የብረት ሲሶ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው የሚቆምበት ላሜራ ከሥሩ ተደጋግሞ የሚደግፈው ይፈልጋል። ድጋፎቹን ከ6061 አንጎላሬ ሠራኋቸው፤ አንጎላሬ አብዝቶ የሚጎብጠው ከመሐሉ ስለሆነ እዚያ አንድም ብየዳ እንዳያርፍ አድርጌ፣ ዳርና ዳር ላይ ብቻ በየድኋቸው። ወለሉ በድጋፎቹ ላይ የተቀመጠው በቡሎን ነው። አንድ ቀን ከሥሩ የሚያልፈው ሽቦ ወይም ቱቦ ቢበላሽ ግራይንደር ሳላነሳ ልከፍተው እችላለሁ።

ድጋፎቹ ጀልባውን የሚነኩበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነበር። የቀፎው ላሜራ በማዕበል ሲመታ ከውስጥ ደግፈው በያዙት የጎድን አጥንቶቹ መካከል ትንሽ ይተነፍሳል፤ መተንፈሱም አያሳስብም። በዚህ በሚተነፍስ ሜዳ መሐል የአንጎላሬ ጫፍ ቢበየድ ግን ያ አንድ ነጥብ አልንቀሳቀስ ይላል፣ በዙሪያው ያለው ላሜራ እየተንቀሳቀሰ እሱ ይቆማል፣ ስንጥቅም ከዚያ ጫፍ ይጀምራል። ለብረት የተወሰነ መጠን አለ፤ ጫናው ከዚያ በታች እስከሆነ ድረስ ስንት ጊዜ ቢደጋገም አይሰነጠቅም። አሉሚኒየም እንዲህ ያለ ግልጽ ወሰን የለውም፤ ትንሽ ጫና ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ድካሙ ይጠራቀማል። ስለዚህ አዲሱን ሥራ ሁሉ ያሳረፍሁት በጎድን አጥንቶቹ ላይ ነው፤ ላሜራውን የግድ መንካት ባለበት ቦታ ጫፉ ክብ የሆነ ሰፋ ያለ ማጠናከሪያ ላሜራ በመሐል አስገብቻለሁ። የክዳኑን አፍ ስቆርጥም አራቱንም ማዕዘን አክብቤ ነው የቆረጥሁት፤ ሹል ማዕዘን ጫናን በአንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል። የብየዳው መስመር የሚያልቅበት ቦታም እንደዚሁ ነው። በያጁ እጁን በድንገት ካነሳ በመጨረሻው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቀራል፣ ጉድጓዱም ሲበርድ በመሐሉ እንደ ኮከብ የተሰነጠረ ስንጥቅ ያወጣል። መሙያ እየጨመሩ ኃይሉን ቀስ በቀስ ማውረድ ወይም ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ መጨረስ ይህን ያስቀራል።

ስለ ንጽሕና ብዙ ተጽፏልና አላረዝመውም። የቀለጠ አሉሚኒየም ሃይድሮጅንን አብዝቶ ይጠጣል፣ ሲረጋ ግን ሊይዘው ስለማይችል ጋዙ በመስመሩ ውስጥ ትንንሽ አረፋ ሆኖ ይቀራል። ሃይድሮጅኑ የሚመጣው ከዘይት፣ ከላብ፣ ከጤዛና እርጥበት ካዘለ አሮጌ ኦክሳይድ ነው። አሮጌ ጀልባ ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ አለ፤ የዓሣ ቅባት፣ የሞተር ዘይት፣ ደርቆ የቀረ ማሸጊያ። በመጀመሪያ ቅባቱን በአሴቶን ማጽዳት፣ ከዚያ ብረት ነክቶ በማያውቅ የማይዝግ ብሩሽ መፈግፈግ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ብሩሹ ቅባቱን ወደ ላሜራው ያስገባዋል። አንድ ነገር ግን ማለፍ አልችልም። ክሎሪን ያለባቸው የፍሬን ማጽጃ ፈሳሾች በብየዳው ብርሃንና ሙቀት ሲመቱ ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ስለሚወጣቸው፣ እንዲህ ያለ ጣሳ ብየዳ ያለበት ክፍል ውስጥ ጨርሶ መግባት የለበትም።

ጀልባ ውስጥ ሆኖ መበየድ የራሱ አደጋ አለው። የነዳጁ ታንክ መውጣት አለበት፤ መዘጋቱ ብቻ አይበቃም፣ ከወለሉ ሥር የተኛው ትነትም መጥፋት አለበት። ባትሪው ይነቀላል፣ የሞተሩ ኤሌክትሮኒክስም ከመስመሩ ይለያል። በብዙ ጀልባዎች ውስጥ ከላሜራው ጀርባ የተሞላው ፎም ሲቃጠል ሳይናይድ ያለበት ጭስ ያወጣል፤ ከሚበየድበት ቦታ አካባቢ ፎሙ ተቆርጦ ካልወጣ ሥራው መጀመር የለበትም። ብየዳውን ከአየር የሚከላከለው አርጎን ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ ይተኛል፣ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጎንበስ ብሎ ለሚሠራ በያጅ ጭንቅላቱ ያለው እዚያው ነው። ነፋስ መከላከያውን ጋዝ ስለሚበትን በሩን መዝጋት ያምራል፤ እኔ ግን በሩን ከፍቼ ሥራውን በመጋረጃ ከነፋስ መከለልን እመርጣለሁ።

የውሃውን ሳጥን በተመለከተ ከብየዳው ይልቅ ያሳሰበኝ ክብደቱ ነው። 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ግራም ነው፣ ይኸውም ተቀምጦ የማይቀመጥ አንድ ሰው ማለት ነው። ሳጥኑ ግማሽ ድረስ ብቻ ሲሞላ ጀልባው ባዘነበለ ቁጥር ውሃው ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሮጥና ዘንበል ማለቱን ያባብሰዋል። ሙሉ ሳጥን ከግማሽ ሳጥን ይልቅ የሚታመነው ለዚህ ነው። ሳጥኑን ጠበብ አድርጌ በርዝመቱ ከጀልባው ጋር በማስተካከል መሐል ላይ ዝቅ አድርጌ አስቀመጥሁት፤ በውስጡም ታችና ላይ ክፍት የሆነ መከፋፈያ በየድሁለት። ውሃ የሚይዝ ነገር ስለሆነ መስመሮቹ እዚህ ሙሉ ናቸው። ከውጭ በኩል የጠመኔ ነጭ ዱቄት ተቀብቶ በውስጡ ቀይ ቀለም ያለው ሰርጎ ገብ ፈሳሽ ሲደረግ የማያስተላልፍ ብየዳ ዱቄቱን ነጭ እንደሆነ ይተወዋል፤ ይህ ፍተሻ ውሃ ሞልቶ ከመጠበቅ ይልቅ ትንሿን ስንጥቅ ቀድሞ ያጋልጣል።

አምራቹ በጀልባው ላይ የሚለጥፈው የጭነት ልክ የሚቆጥረው ጀልባው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ሁኔታ ነው። መድረክ፣ ሳጥን፣ ተጨማሪ ባትሪ ሲገባ ያ ክብደት ከሰዎቹ ድርሻ ላይ ይቀነሳል እንጂ ቁጥሩ አብሮ አያድግም። ከፍ ያለ መድረክ ደግሞ የቆመውን ሰው ክብደት ወደ ላይ ያነሳዋል። ለዕቃ ቦታ እናገኛለን ብለው ተንሳፋፊውን ፎም አውጥተው የሚጥሉ ሰዎችን ሥራ በፍጹም አልወደውም። ውሃ ጠጥቶ የከበደ ፎም መውጣት አለበት፣ በምትኩ ግን ውሃ የማይጠጣ ሌላ ፎም በልኩ መግባት አለበት፤ የአሉሚኒየም ላሜራ ጀልባው ውሃ ሲሞላ በራሱ አይንሳፈፍም።

ሞተሩ የሚንጠለጠልበትን የኋላ ግድግዳ እኔ አልነካሁትም። የሞተሩ ግፊት በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ ማጠናከሪያ ቢያስፈልገው ኖሮ የምወስደው ቀፎ መበየድ ሙያው ለሆነ ሰው ነበር።

ከብየዳው በኋላ የሚቀረው ላሜራውን ከሌሎች ብረቶች መለየት ነው። የማይዝጉ ቡሎኖች ራሳቸው ሳይጎዱ፣ እርጥበት ባለበት ሁሉ በዙሪያቸው ያለውን አሉሚኒየም ያስበላሉ፤ በየቡሎኑ ሥር የናይለን ሮንዴላና መለያ ቅባት ገብቷል። መዳብ ከዚህ ይብሳል። በመዳብ ጨው የታከመ እንጨት ከአሉሚኒየም ጋር ተገጥሞ ከረጠበ ላሜራውን ይበላዋል፤ የመዳብ ሳንቲም እንኳ ወድቆ ከወለሉ ሥር ባለ ውሃ ውስጥ ከቆየ ላሜራውን ሊበሳው ይችላል። ለዚህ ነው ከመድረኩ ሥር ምንም የሚያቁር ኪስ እንዳይኖር በየድጋፉ ሥር የውሃ መውጫ የተውሁት። በራሱ እየተበላ ቀፎውን የሚያድን ቁራጭ ብረትም አለ፤ ለጨዋማ ውሃ ዚንክ፣ ለጨው አልባ ውሃ ማግኒዚየም ይመረጣል። ቀለም አልቀባሁትም። አሉሚኒየም የራሱን ኦክሳይድ ለብሶ ራሱን ይጠብቃል፤ ያልተቀባ ላሜራ ላይ ደግሞ ስንጥቅ ገና ፀጉር ሳያህል ይታያል፣ በቀለም ሥር ግን አድጎ ነው የሚገኘው። ስንጥቅ ከተገኘ መጀመሪያ የሚደረገው በጫፉ ላይ በትራፓኖ ክብ ቀዳዳ በስቶ ጉዞውን ማቆም ነው፤ መበየዱ ከዚያ ይቀጥላል።

በመድረኩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የየክፍሉን ቅይጥ ቁጥር፣ የላሜራውን ውፍረትና የተበየደበትን ዘንግ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ጽፌያለሁ። 5052 እና 6061 ተቆርጠው ጎን ለጎን ሲቀመጡ በዓይን አይለዩም፤ ጀልባውን ወደፊት የሚጠግነው ሰው፣ እኔም ብሆን፣ መሙያውን የሚመርጠው ያንን ጽሑፍ አንብቦ ነው።